በእትዬ ሰዒዳ ደጅ የሚያልፈው ሐዲድ

መቱ፣ ጥር 21 ቀን 2015 ዓ.ም.

ሳሊሐዬ፣

የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? እኛ ጋ ብርዱ ለቀቅ ብሏል። እማዬ ደህና ናት፤ «ያቺ የእትዬ ሰዒዳ ልጅ አላገባችም?» ማለቷን ግን አልተወችም። እኔም «ባቡር ጣቢያ ገብታ ባቡር አግብታለች» እላታለሁ።

ጠፋህ ብለሽ መቆጣትሽ ልክ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። አንደኛው ምክንያት ኔትወርኩ ነው፤ ፎቶ እንኳ አያሳልፍም። ለዚህ ነው እንደ ድሮ ሰው በወረቀት የምጽፍልሽ፣ ፋይሉንም በፍላሽ አድርጌ ለአውቶቡስ ሾፌር የሰጠሁት። ሁለተኛው ምክንያት መስመራችን ነው።

ትዝ ይልሽ እንደሆን መምህራችን «በኢሉባቦር ባቡር የለም» ሲሉ አንቺ እጅሽን አውጥተሽ «ለምን?» ብለሽ ነበር። እሳቸውም «ዳገቱና ዝናቡ አይፈቅድም» አሉ። ይኸው በኮምፒውተር የባቡር ጨዋታ፣ በሲሙሌተር ብንሠራውም አልፈቀደም መሰለኝ። ከበደሌ እስከ ሁሩሙ ያለው ሐዲድ አልቋል። ጫካው፣ የቀረሮው ዛፍ፣ የቡና ማሳው፣ ዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎ ሳይቀር በየቦታው ነው። ከሁሩሙ ወደ ሶር ወንዝ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ስደርስ ግን፣ ልክ እናትሽ ቤት ጓሮ፣ መሬቱ ይሰምጥብኛል።

ሐዲዱን ዘርግቼ፣ መሬቱን ደልድዬ፣ ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወደ ቤት እሄዳለሁ። በማግስቱ የፎቶ ሱቄን ከፍቼ ሳየው መሬቱ ወርዷል፣ ሐዲዱ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። እሞላዋለሁ፣ ተመልሶ ይሰምጣል። መጀመሪያ ሰው ቢቆምበት ወገቡ ድረስ የሚውጥ ነበር። አሁን ባቡሩ ከነፉርጎው ቢገባበት አይታይም። ጎሬ ዳገት ላይ ሞከርኩ፣ ምንም የለም። እዚያ ብቻ ነው።

ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል። እስቲ በአንቺ ኮምፒውተር እዪልኝ።

የላክሽልኝን የባቡር ጡሩምባ አስገብቼዋለሁ። ስከፍተው ባጃጅ ነጂዎቹ መንገድ ይለቃሉ።

ፋኦል


ድሬዳዋ፣ የካቲት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ፋኦል ወንድሜ፣

ለእማማ እጅ ትነሣለች በልልኝ፤ የትዳሩንም ነገር ዱዓ ያድርጉልኝ። ፍላሹ በላስቲክ ተጠቅልሎ በሰላም ደርሶኛል።

ለጥያቄህ መልሱ አዎ ነው። እኔም ጋ ይሰምጣል።

ከሥራ ስመለስ ደልድዬ እተወዋለሁ፣ በነጋታው ጎድጉዶ ይጠብቀኛል። በኋላ ያንተን ፋይል ጨርሼ አጠፋሁትና የምድሩን ከፍታና ዝቅታ ራሴ ከሳተላይቱ መረጃ እንደ አዲስ አወረድኩ። ሐዲድም፣ ዛፍም፣ ቤትም አላስቀመጥኩበትም። ባዶ መሬት። ምሳ በልቼ ስመለስ እዚያው ቦታ፣ ያው ጉድጓድ። ስለዚህ የተበላሸው ያንተ ፋይል አይደለም።

አሁን የምነግርህን ሳቅብኝ፣ አልቀየምም። መስመርህን ከፍላሹ መልሼ ጭኜ በላዩ የራሴን ትዕይንት ሠርቼ ልልክልህ ነበር፤ ጠዋት፣ ጭጋግ፣ ባቡሩ በእኛ ደጅ ሲያልፍ። ከጎረቤታችን ከጋሽ ኩመራ አጥር ውጭ ከብቶች አሰማራሁ። አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃለህ፣ በዚህ ፕሮግራም ከብት ማለት እንደ ድንጋይ ነው፤ ካስቀመጡት አይነቃነቅም። ትናንት ስከፍተው ከብቶቹ ከሜዳው የሉም። መኪና መንገዱ ላይ ወጥተው፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ሁሩሙ አዙረው ቆመዋል። ወደ ቦታቸው መለስኳቸው። ዛሬም መንገዱ ላይ ናቸው።

እናቴን በስልክ «ደህና ነሽ?» ስላት «አልሐምዱሊላህ» ትለኛለች። እሷ እሳት ቢበላትም «አልሐምዱሊላህ» ነው የምትለው። እባክህ ሄደህ እያት። ለጥየቃ የሄድክ ምሰል። ጋሽ ኩመራንም ሰላም በልልኝ። ወንዙ ሲሞላ በትከሻው አሻግሮ ትምህርት ቤት ያደረሰኝ ሰው ነው፤ በደጁ ባቡር እንደሚያልፍ ንገረውና ይሳቅ።

ሳሊሐ


መቱ፣ መጋቢት 27 ቀን 2015 ዓ.ም.

ሳሊሐ፣

እንኳን ለረመዳን አደረሰሽ። እናትሽ ጾሙን በጥሩ ጤንነት ይዛዋለች፤ ሄጄ አይቻታለሁ። ከሁሩሙ ገበያ የገዛሁላትን ስኳርና ቴምር ተቀበለችኝና እሷ እየጾመች እኔን ማር በዳቦ አበላችኝ።

ቤቱ ደህና ነው ወይ ላልሽኝ፣ ከላይ ሲያዩት ደህና ነው። በሩ ግን አይገጥምም። «ምን ሆኖ ነው?» ብላት «አርጅቶ ነዋ! እኔስ መች እገጥማለሁ?» ብላ ሳቀች። ከጓሮ ያለው ምንጭ ደፍርሷል። ዛፎቹ ላይ የነበሩት ጉሬዛዎች የሉም። ጭጭ ያለ ነገር ነው ቁልቁለቱ፤ የራሴ ጫማ ድምፅ እያስደነገጠኝ ነው የዞርኩት።

ደብቄ ልመለስ ነበር። እናትሽ ግን ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ። «ፋኦል፣ የመጣህበትን ተናገር። ሰው በጾም ቀን ምሳ ሊበላ ከመቱ ድረስ አይመጣም» አለችኝ። ነገርኳት። ስለ ጨዋታው፣ ስለ ሐዲዱ፣ መሬቱ ስለሚሰምጠው ሁሉ። ሰማችኝና እጄን ይዛ ከዋንዛው ሥር ወዳለው የአባትሽ የጋሽ አራጌ መቃብር ወሰደችኝ።

«ከወሎ አንዴ ተነቅዬ መጥቻለሁ» አለች። «ያኔ የሞቱብኝን መንገድ ላይ ጥዬ ነው የመጣሁት። ይኼን ግን ጥዬ አልሄድም። ሁለተኛ አልነቀልም የኔ አባት።»

መቃብሩ ላይ የረገፈውን ቅጠል አብሬያት ለቀምኩ።

ከዚያ ጋሽ ኩመራ ገጀራውን እንደያዘ መጣ። ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ያ ፋኦል! ባቡርህ ሳይመጣ ቤቴን ልታፈርስብኝ ነው እንዴ?» ልጆቹም ሰምተው «ባቡሩ! ባቡሩ!» እያሉ ተከተሉኝ። ባለቤቱ ሰኚ ብቻ አልሳቀችም።

ጋሽ ኩመራ ሊሸኘኝ እስከ መንገዱ አብሮኝ ወጣ። ከሰው ስንርቅ ሳቁን ተወና «አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለሰኚ እንዳትነግርብኝ» አለኝ። «ከብቶቹ በረት አልገባም ማለት ጀምረዋል። ስነዳቸው አምልጠው መንገዱ ላይ ይቆማሉ።»

«ፊታቸውን ወዴት አዙረው?» አልኩት።

«ወደ ሁሩሙ» አለኝ።

ያንቺን ትዕይንት ነገር ከአፌ አላወጣሁም፤ በዋቃ፣ በፈጣሪዬ እምላለሁ፣ ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ የመንገድ ሥራ ባለሙያ አማከርኩ። «በጨዋታ መሬት አይለካም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው።

ፋኦል


ድሬዳዋ፣ ሰኔ 5 ቀን 2015 ዓ.ም.

ፋኦል፣

«እናትሽ ደውላ ሰደበችኝ፤ ለምን ዋሸሻት?» ብለህ በአጭር መልእክት ለላክህልኝ ቁጣ መልስ ይኸው። ሌላ መንገድ አጣሁ።

ለምኛታለሁ። አልቅሼባታለሁ። «ድሬዳዋ ነይ» ብላት «እዚያ ሰው ይጠበሳል» አለችኝ። «ታምሜያለሁ» ልል ነበር፣ ሕመም በራሴ ላይ እንዳልጠራ ፈራሁ። መጨረሻ ላይ እንዲህ አልኳት፦ «እማ፣ ፋኦል ሐዲዱን በአባቴ መቃብር ላይ አሳልፎታል።»

«ደፍሮ?» አለች።

«ደፍሮ። ዋንዛውንም ቆርጦታል።»

«እመጣበታለሁ።»

ትመጣለች ፋኦል። እናቴን አውቃታለሁ፤ ለራሷ ነፍስ ያልተነሣችው ለአባቴ አጥንት ትነሣለች። ሰኚንም ከነልጆቿ ምስክር አድርጋ ነው የምትመጣው፤ ብቻዋን ተጣልታ አታውቅም። ስትመጣ አትከራከራት። ስደቢኝ በላት። ፕሮግራሙ ጊዜ ይወስዳል፣ ቀስ ብሎ ነው የሚስተካከለው በላትና እማማ ጋ አሳድራት። እንዳሻህ አዘግያት።

ለምን እንደቸኮልኩ ልንገርህ። ዛሬ መስመሩን ስከፍተው ጉድጓዱ የለም፤ ምክንያቱም ቁልቁለቱ ራሱ የለም። ከመኪና መንገዱ በታች እስከ ወንዙ ያለው መሬት ጠፍቷል። ቤታችን፣ ዋንዛው፣ የጋሽ ኩመራ ቤት፣ አጥሩ እንኳ ሳይዛነፍ አየር ላይ ቆመዋል። ከሥራቸው ምንም የለም። ጭስ ያስቀመጥኩበት ጣራ አሁንም ይጨሳል። ማየት አልቻልኩም፣ ዘጋሁት።

የጋሽ ኩመራ ስልክ አይነሣም። እሱን በብልሃት አይሆንም፣ ሂድና እግሩ ላይ ወድቀህ ለምነው።

ሳሊሐ


መቱ፣ ሰኔ 19 ቀን 2015 ዓ.ም.

ሳሊሐ እኅቴ፣

ከሁሉም በፊት፣ እናትሽ ደህና ናት። ደግሜ እጽፈዋለሁ፣ ደህና ናት። አሁን እኛ ቤት ናት፤ እማዬ አልጋዋን ለቃላታለች። ስልክ የማይገባልሽ ኔትወርኩ ከዝናቡ ጋር ስለጠፋ ነው እንጂ ሌላ እንዳይመስልሽ። አንብቢና መጀመሪያ ተረጋጊ።

እንዳልሽው መጣች። ደንበኛ ፎቶ እያነሣሁ ሳለ ሰኚንና ልጆቹን አስከትላ ሱቄን ሞላችው። «አሳየኝ» አለች። ከፈትኩላት። ያን ጠዋት የጎደለውን መሬት ሞልቼው ስለነበር ባቡሩን ከሁሩሙ አንሥቼ ወደ ቤቷ ነዳሁት። መጀመሪያ ቁጣዋ ነበር፣ ቀስ እያለ ጠፋ። የገበያውን ቦታ አወቀችው። የመስጊዱን መታጠፊያ አወቀችው። ልጆቹ ባቡሩ ሲጮኽ እየዘለሉ ነው። የራሷን ቤት ስታይ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«እዚህ ጋ ነው ያለው» አለች ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ። «ወደ ላይ ግፋልኝ። በእሱ ላይ አይለፍ።»

ሐዲዱ በመቃብሩ ላይ እንዳላለፈ አልነገርኳትም። ወደ ላይ ገፋሁላት፤ ቀስ እያልኩ፣ እያጠፋሁ እየሠራሁ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጀመረ። እንደዚያ ያለ ዝናብ እኔ አላስታውስም፤ የሱቁ ቆርቆሮ ንግግራችንን ዋጠው። መኪና ቆመ። «አብሽሩ፣ ነገ ትሄዳላችሁ» ብዬ ወደ እማዬ ወሰድኳቸው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሌላ ጊዜ ልጽፍልሽ ብዬ ነበር። እናትሽም «አትጻፍላት፣ በዓል መጥቷል» ብላኛለች። ግን ከሌላ ሰው ብትሰሚ ይቅር አትዪኝም።

በዚያ ሌሊት ቁልቁለቱ ተንዶ ሄዷል ሳሊሐ። ቤታችሁም፣ ዋንዛውም፣ መቃብሩም። እስከ ሶር ድረስ ቀይ ጭቃ ብቻ ነው። ከመንገዱ በላይ የነበሩት ሁሉ ተርፈዋል። ጋሽ ኩመራ አልተገኘም።

ለምኜው ነበር። ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ሄጄ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ብድግ አደረገኝና «እሺ፣ ሰኚንና ልጆቹን ከእትዬ ጋር እሰዳለሁ፤ እኔ ከብቶቹን አስገብቼ እከተላለሁ» አለኝ። ከብቶቹን በማግስቱ አገኘናቸው። ከአንዲት ጥጃ በቀር ሁሉም መንገዱ ላይ ቆመው ነበር።

ሰኚ አላለቀሰችም። በየቀኑ እሱን የሚፈልጉት ቆፋሪዎች ጋ ሄዳ ትቆማለች፤ እነሱ ግን ቤቱ የት እንደነበር ጠፍቷቸው በዘፈቀደ ነው የሚቆፍሩት።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ትናንት መስመሩን ከፈትኩት። መሬቱ ሙሉ ነው። ሐዲዱ እንደ ክር ቀጥ ብሏል። ከወራት በፊት መጀመሪያ እንደዘረጋሁት፣ አንድ ስንዝር አልሰመጠም። ባቡሩ ያለ ምንም ችግር አለፈ። ወጥቼ በር ላይ ተቀመጥኩ።

ፋኦል


ድሬዳዋ፣ ሰኔ 28 ቀን 2015 ዓ.ም.

ፋኦል፣

ደብዳቤህ የደረሰኝ ከዐረፋ በኋላ ነው። በዓሉን ስስቅ ነበር የዋልኩት፣ ሥጋ ሳካፍል፣ ሂና ስቀባ። እጄ አሁንም ቀይ ነው። አንብቤ ስጨርስ እጄን ማየት አስጠላኝ።

«ራስሽን አትውቀሺ» ብለህ ከጎኑ የጻፍክልኝን አይቻለሁ። አልወቅስም፤ ግን ስለ አባቴ መቃብር ለመዋሸት ብልሃት የነበረኝ ሰው ለጋሽ ኩመራ የሚሆን አንድ ውሸት እንዴት አጣሁ?

የዓመት ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ እስኪሰጡኝ ይህ ፍላሽ ይቅደመኝ። ቆፋሪዎቹ የቤቱን ቦታ መለየት አቅቷቸው በዘፈቀደ እየቆፈሩ ነው ብለሃል። የቀድሞው መሬት እኔ ጋ አለ። እንዳንተው ተሞልቷል፣ የጋሽ ኩመራንም ቤት በቦታው አድርጌዋለሁ፤ ከመንገዱ መታጠፊያ ተነሥተህ ብትለካ የቤቱ ቦታ ይታወቃል።

እሱን ልልክልህ ስከፍት ግን ከብቶቹ ከመንገዱ ወርደዋል። ታች፣ ወንዙ ዳር፣ ቤቱ ካለበት በጣም ርቆ፣ ማንም ቤት ሠርቶ ከማያውቅበት ትልቁ ቋጥኝ አጠገብ ክብ ሠርተው ቆመዋል። ፊታቸው ወደ ውስጥ ነው። ከመካከላቸው ምንም የለም፣ ሣር ብቻ።

አላነካኳቸውም። እንዳሉ ልኬልሃለሁ። ምን እንደምታደርግ አልነግርህም።

ሳሊሐ


መቱ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ሳሊሐ፣

አገኘነው።

የቤቱን ቦታ ለክቼ ባሳይም እዚያ ምንም አልተገኘም። ቆፋሪዎቹ ደክመው ሊተዉ ሲሉ ነው ቋጥኙ ጋ ያልኳቸው። «ምን ሊሠራ እዚያ ይሄዳል?» አሉ። ሰኚ ግን አካፋውን ከአንዱ እጅ ተቀብላ ቀድማን ወረደች።

እዚያ ነበር። የጥጃ ገመድ በእጁ ጠቅልሏል። ጥጃይቱን ፍለጋ ወርዶ ኖሯል፤ እሷም ከሥሩ ሞታ ተገኘች። ፊቱ አልተጎዳም። በማግስቱ ቀበርነው፤ የሁሩሙ ሰው ሁሉ ወጥቶ ነበር። እናትሽ ለእሱም ለጋሽ አራጌም አንድ ላይ አለቀሰች። «መቃብሬ ተቀበረ» እያለች።

ለፈቃድሽ ደስ ብሎኛል። እናትሽ አሁን ከመጣሽ አብራሽ ትሄዳለች። «የምጠብቀው የለኝም» ብላኛለች።

መስመሩን ወደ ቡሬ ቀጠልክ ወይ ላልሽኝ፣ አልቀጠልኩም። ወሬው ተሰምቶ ሰዎች ሱቄ እየመጡ «የእኛንም መሬት እይልን» ይላሉ። አንድ ሽማግሌ ከጎሬ በእግራቸው መጥተው ነበር። «አባባ፣ ይኼ የልጅ ጨዋታ ነው» ብዬ መለስኳቸው። ሳሊሐ፣ የማላይ ሆኜ አይደለም። ባይና ባይሰሙኝ ምን እንደምሆን ስለማላውቅ ነው።

ትናንት ሰኚ ብቻዋን መጣች። «ያን ቦታ አሳየኝ» አለች። ባቡሩን ነድቼ ከቋጥኙ በላይ አቆምኩላት። ብዙ አየችው። «ጣቢያ ልሥራለት? ስሙን ልጻፍበት?» አልኳት።

«አትጻፍ» አለችኝ። «እሱ ሲጮኹበት አይወድም። ባቡሩ እዚህ ሲደርስ ቀስ ይበል። እሱ ይበቃል።»

የፍጥነት ወሰን አድርጌበታለሁ። አሁን ማንም ቢነዳው እዚያ ሲደርስ ቀስ ይላል።

ፋኦል


ድሬዳዋ፣ መስከረም 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ፋኦል ወንድሜ፣

አዲሱ ዓመት የሰላም ይሁንላችሁ። እናቴ ደህና ናት። ሙቀቱን ትሰድባለች፣ የጎረቤቶቼን ልጆች በሙሉ በስማቸው ታውቃለች፣ ጠዋት ጠዋት ባቡሩ ሲገባ ለማየት ጣቢያው ድረስ ትከተለኛለች። «እንዲህ ይረዝማል እንዴ!» ትላለች ሁልጊዜ።

መስመሩን አሳይተሻት እንደሆን ጠይቀኸኛል። አላሳየኋትም ነበር፤ ፈራሁ። ባለፈው እሑድ ግን ራሷ «የፋኦልን ባቡር ክፈችልኝ» አለች። አጠገቤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ድንገት እንዳትደነግጥ ብዬ ጡሩምባውንም፣ የሐዲዱንም፣ የዝናቡንም ድምፅ ሁሉ ዘጋሁት። ከሁሩሙ ተነሣን። ቤታችን በነበረበት አለፍን።

ቋጥኙ ጋ ስንደርስ ባቡሩ ቀስ አለ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከመስኮት እንደሚያጎነብስ ሰው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለችና በአጥር ላይ ጎረቤት እንደሚጣራ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ኩመራ! አካም ጅርታ? እንዴት ነህ?» አለች።

ከዚያ ዝም አለች። ዝምታዋ የሐዘን ዝምታ አልነበረም ፋኦል። ሰው ሲመልስላት የምትሰማው አሰማም ነው፤ ራሷን ነቅነቅ፣ ነቅነቅ እያደረገች፣ አንዴም ፈገግ ብላ። ክፍሉ ውስጥ የቬንትሌተሩ ድምፅ ብቻ ነበር። እጄን መቆጣጠሪያው ላይ እንዳደረግሁ ደርቄ ቀረሁ።

በመጨረሻ «ኑስ ናጋ ዳ» አለችው። «እኛም ደህና ነን። ሰኚም ደህና ናት። ልጆቹ ትምህርት ጀምረዋል።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«በቃ» አለችኝ፣ «አሁን ንጂው።»

ነዳሁት።

ሳሊሐ